ከመሣሪያው ወደ ገዛ ትንፋሽ፦ የማላቀቂያ መለኪያዎች በዋግ ኽምራ ከፍታ



በጽኑ ሕሙማን ክፍል ከሚሰጡ ውሳኔዎች ሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሕመምተኛን ከቬንቲሌተር ጋር ማገናኘት ሳይሆን ከቬንቲሌተር ማላቀቅ ነው። ቱቦው ከዘገየ የሳንባ ምች ሊከተል ይችላል፤ የድያፍራም ጡንቻም በሥራ ፈትነት ይደክማል። ተቻኩለን ካወጣነው ደግሞ ሕመምተኛው እየታፈነ ቱቦው ዳግም ይገባለታል፤ የሞት አደጋውም ይጨምራል።

ያንግ እና ቶቢን በ1991 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ያሳተሙት መለኪያ የሚጠይቀው ጥቂት ነው። ሕመምተኛው በደቂቃ የሚተነፍሰውን ቁጥር በአንድ ትንፋሽ በሚስበው አየር በሊትር እናካፍላለን። 30 ጊዜ ተንፍሶ በእያንዳንዱ 0.4 ሊትር የሚስብ ሰው ውጤቱ 75 ነው፤ 40 ጊዜ እያለከለከ 0.25 ሊትር ብቻ የሚስበው 160 ይደርሳል። ገደቡ 105 ነው። በጥናታቸው ከገደቡ በላይ ከነበሩት 95 በመቶ ያህሉ መላቀቅ አልቻሉም፤ በታች ከነበሩት የተሳካላቸው ግን 78 በመቶ ናቸው። እንግዲህ ቁጥሩ «አይሆንም» ሲል ይታመናል፤ «ይሆናል» ሲል ግን ሳል፣ አክታና ንቃት መታየት አለባቸው። በፀረ ተባይ መድኃኒት የተመረዘ ገበሬ ደኅና መስሎ ከታየ በኋላ ከ1 እስከ 4 ባሉት ቀናት የመተንፈሻ ጡንቻው ሊዝል እንደሚችልም አንርሳ።

ሰቆጣን ያነሣሁት ስለ ኦክስጅኑ ነው። ከተማዋ 2,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። የአየር ግፊቷ 585 ሚሊሜትር ሜርኩሪ አካባቢ ሲሆን በባሕር ጠረፍ 760 ነው። ለውኃ ተን 47 ቀንሰን በ0.21 ብናባዛ፣ የሚሳበው የኦክስጅን ግፊት በባሕር ጠረፍ 150፣ በሰቆጣ 113 ይሆናል። የዋግ ገበሬ በጤናው ዘመን ሁሉ የሚተነፍሰው ይህንኑ ነው።

ኢሊ እና ባልደረቦቹ በ1996 በ300 ሕመምተኞች ላይ ባሳተሙት ጥናት፣ በየቀኑ ዝግጁነትን መፈተሽ በቬንቲሌተር የሚቆዩበትን መካከለኛ ጊዜ ከ6 ቀን ወደ 4.5 ዝቅ አድርጎታል። ከመመዘኛዎቹ አንዱ በደም ያለው የኦክስጅን ግፊት ለሚሰጠው የኦክስጅን ድርሻ ሲካፈል ከ200 እንዲበልጥ ይጠይቃል። ጥናቱ የተሠራው ግን በሰሜን ካሮላይና ዝቅተኛ ስፍራ ነው። ያንኑ ገደብ ሳናስተካክል ሰቆጣ ብናመጣው፣ ውጤቱ 170 የሆነ ሕመምተኛ ወድቆ ቱቦውን ይዞ ያድራል። በ2012 የወጣው የበርሊን ድንጋጌ ለአጣዳፊ የሳንባ ጉዳት ከ1,000 ሜትር በላይ ማስተካከያ እንዲደረግ አዝዟል፤ ያው ስሌት እዚህም ይሠራል ባይ ነኝ። 200 በ585 ተባዝቶ ለ760 ሲካፈል 154 ነው። ሰውየው አልፏል።

የደም ጋዝ መመርመሪያ በሌለበት በጣት ላይ የሚደረገው ኦክሲሜትር ይረዳናል፤ በ2016 የወጣው የኪጋሊ ማሻሻያ ይህንኑ ተቀብሏል። በደጋ ግን ጤነኛውም 94 ወይም 95 ሊያነብ ስለሚችል፣ 98ን መጠበቅ ቱቦውን ያለ ምክንያት ማቆየት ነው።

ገደቡን ዝቅ ማድረግ ድፍረት የሚመስላችሁ ትኖራላችሁ፤ ስጋታችሁ ተገቢ ነው። ማላቀቁ ባይሳካ ቀጣዩ ሪፈራል ሆስፒታል ከተራሮቹ ማዶ ነው። ስለዚህ የ30 ደቂቃውን የራስ ትንፋሽ ሙከራ በማለዳ ማድረግን፣ ቱቦውንም እንደገና ማስገባት የሚችል ባለሙያ በግቢው ሳለ ብቻ ማውጣትን እመርጣለሁ።