ፀረ-አካልና የመልእክቱ ቁጥጥር



ሕንጻ ሲሠራ ዋናው ፕላን ከቢሮ አይወጣም፤ ወደ ሥራው ቦታ የሚላከው ቅጂው ነው። የሕዋስም ሥርዓት ይህንኑ ይመስላል። ዋናው ፕላን ዲ.ኤን.ኤ በኑክሊየስ ውስጥ ተጠብቆ ይኖራል፤ ፕሮቲን ወደሚሠራበት ስፍራ የሚላከው ቅጂ አር.ኤን.ኤ ይባላል። ሰውነት በሽታን የሚመክትበት ፀረ-አካልም የሚሠራው በዚሁ ቅጂ ትእዛዝ ነው። እንግዲህ ቁም ነገሩ በዋናው ፕላን ብቻ አይወሰንም፤ ቅጂው የት እንደሚቆረጥና መቼ እንደሚወገድም ማወቅ ያሻል።

ቢ ሕዋስ የተባለው ነጭ የደም ሕዋስ ጠላት ሳይገጥመው በፊት ፀረ-አካሉን በገለፈቱ ላይ ተክሎ እንደ ዘብ ያቆመዋል። ተሕዋስያን መጥተው በቀሰቀሱት ጊዜ ግን ወደ ፕላዝማ ሕዋስነት ይለወጥና ፀረ-አካሉን ወደ ውጭ ያመነጫል፤ በአንድ ሴኮንድ ከአንዱ ሕዋስ በሺህ የሚቆጠሩ ሞለኪውሎች ይወጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1980 በአሜሪካ፣ በአይጥ ሕዋሳት ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንዳስረዱት፣ አይ.ጂ.ኤም የተባለው ፀረ-አካል እንዲህ ሲለወጥ ሌላ ጂን አያስፈልገውም። ቅጂው ከሩቁ ስፍራ ሲቆረጥ ከገለፈቱ ጋር የሚያያይዘው ክፍል ይኖረዋል፤ ከቅርቡ ሲቆረጥ ያ ክፍል ይቀርና ፀረ-አካሉ ነጻ ይወጣል። በፕላዝማ ሕዋስ ውስጥ ኢ.ኤል.ኤል.2 የተባለው ፕሮቲን ቅርቡ ስፍራ እንዲመረጥ ያግዛል። በዚህ ዓይነት አንዱ ፕላን ለሁለት ሥራ ይውላል።

ይሁን እንጂ ማምረት ብቻ ሳይሆን ማቆምም ሥርዓት ይሻል። ሮኪን የተባለው ፕሮቲን፣ ቲ ሕዋሳት ቢ ሕዋሳትን ለማነሣሣት ከሚጠቀሙባቸው ቅጂዎች አንዳንዶቹን እየለየ እንዲፈርሱ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ2005 ይፋ በሆነ ጥናት፣ በዚህ ፕሮቲን ጂን ውስጥ አንዲት ፊደል ብቻ የተለወጠችባቸው አይጦች ሉፐስን የመሰለ በሽታ ያዛቸው፤ ፀረ-አካላቸውም በገዛ አካላቸው ላይ ተነሣ። ጊዜው ያለፈበት ቅጂ ከሥራ ቦታ ሳይነሣ ሲቀር የሚያደርሰውን ጥፋት ለመሐንዲስ መንገር አያሻም።

ለሉፐስ ሕሙማን የሚሰጡት ብዙዎቹ መድኃኒቶች የመከላከያውን ኃይል በጠቅላላው ስለሚያዳክሙ፣ ሕሙሙን ከራሱ ጥቃት ሲያድኑት ለተሕዋስያን ያጋልጡታል። የቅጂውን አቆራረጥና አወጋገድ ጠንቅቆ ማወቅ ግን ፋብሪካውን ሳይዘጉ የተሳሳተውን ትእዛዝ ብቻ ለማረም የሚያስችል መንገድ ይጠቁማል። የጥናቱም ዋጋ የሚመዘነው በዚሁ ነው።