ዜሮ የሆነው ምንድን ነው?



ዛሬ ላነሣላችሁ የፈለግሁት ሁላችንም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማርነውን ነገር ነው፤ ይኸውም በብዜት መልክ የተጻፈ የኳድራቲክ ፈንክሽን ግራፍ አግድሙን ዘንግ የት የት እንደሚያቋርጥ ማግኘት ነው። ነገሩ ቀላል ቢመስልም ከሙያ ኃላፊነታችን ጋር የተሳሰረ መሆኑን በይበልጥ ያስተዋልሁት ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ አካባቢ ለተማሪዎች ማብራሪያ ስሰጥ ነው።

አገሩ የወንዝ አገር ነው። ብርና ላህ ከነገባሮቻቸው በክረምት ሲሞሉ ገበያተኛውንም ተማሪውንም ከማዶ ያስቀራሉ። ስለዚህ ምሳሌዬን ከእግረኛ ድልድይ ወሰድሁ። ርዝመቱ 6 ሜትር የሆነ፣ ሁለት ጫፎቹ በድጋፍ ላይ ያረፉ ቢም አለ እንበል፤ በእያንዳንዱ ሜትር ላይም 4 ኪሎኒውተን ጭነት በእኩል ተዘርግቶበታል። ከግራው ጫፍ ያለውን ርቀት በሜትር «ቀ» ብንለው፣ ቢሙን የሚያጎብጠው ሞመንት 2ቀ(6 − ቀ) ኪሎኒውተን ሜትር ይሆናል።

ይህ መቼ ዜሮ ይሆናል? ብዜት ዜሮ የሚሆነው ቢያንስ አንዱ ተባዢ ዜሮ ሲሆን ብቻ ነው። ስለዚህ ወይ ቀ = 0 ነው፤ ወይም 6 − ቀ = 0፣ ማለትም ቀ = 6 ነው። ሁለቱ መልሶች ሁለቱ የወንዝ ዳርቻዎች ናቸው።

አንድ ተማሪ ግን ቅንፉን ፈትቶ 12ቀ − 2ቀ² = 0 ብሎ ጻፈ፤ ሁለቱንም ወገን ለቀ አካፈለና 6 የሚል አንድ መልስ ብቻ አገኘ። ጓደኛውም «ታዲያ የወዲህኛው ዳር የት ገባ?» ብሎ ጠየቀው። ዜሮ ሊሆን በሚችል ቁጥር ያካፈለ ሰው አንዱን ዳር ያጣል።

የርቀቱን መነሻ በቢሙ መካከል ብናደርገው ቀመሩ 2(3 + ቀ)(3 − ቀ) ይሆናል፤ መልሶቹም −3 እና 3 ናቸው። ኔጌቲቩ ቁጥር ከመካከል ወደ ግራ ማለት ነው እንጂ ስሕተት አይደለም። ከፍተኛው ሞመንት በሁለቱ ዜሮዎች እኩሌታ ላይ ሲሆን፣ መጠኑ 18 ኪሎኒውተን ሜትር ነው።

በመጨረሻ ሌላ ተማሪ «ጫፉ ላይ ዜሮ ከሆነ፣ ድጋፉን ማቅለል እንችላለን?» አለ። ይህ የሕይወት ጥያቄ ነው። ዜሮ የሆነው ሞመንቱ ነው፤ ሺር የምንለው ቆራጭ ኃይል ግን በዚያው ጫፍ 12 ኪሎኒውተን ደርሶ ከሌላው ቦታ ሁሉ ይበልጣል። እያንዳንዱ ድጋፍም የጭነቱን ግማሽ ይሸከማል።

ስለዚህ ባልደረቦቼ፣ ከእኛ በኋላ የሚመጡትን ስናስተምር ዜሮው የት እንደሆነ ካገኙ በኋላ ዜሮ የሆነው ምን እንደሆነም እንዲጠይቁ እናስለምዳቸው። በምንሠራቸው ድልድዮች ላይ የሚሻገሩት እነዚያው ልጆች ናቸውና።