አረንጓዴ ሁሉ ደን አይደለም



ማዕድን የወጣበት መሬት ማገገሙን በምን እናውቃለን? ጤናማ ቅጠል ቀይ ብርሃንን ይመጥጣል፤ ታህተ ቀይ ጨረርን ግን አብዝቶ ያንጸባርቃል። ሳተላይት በዚህ ልዩነት አረንጓዴነትን ይለካል፤ ልኬቱ ብቻውን ግን ደኑ መመለሱን አያረጋግጥም።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው ሕግ የድንጋይ ከሰል አምራቾች የቆፈሩትን መሬት መልሰው በዕፅዋት እንዲሸፍኑ ያስገድዳል። በአፓላቺያ ተራሮች ብዙዎቹ አፈሩን በከባድ ማሽን ጠቅጥቀው ቶሎ የሚበቅል ሣር ዘሩ። ተራራው አረንጓዴ ለበሰ፤ በጠጠረው አፈር ግን የዛፍ ሥር አልዘለቀም፤ ሣሩም ችግኙን አፈነው።

ስለዚህ ምስሉን ካነበብን በኋላ በእግራችን እንውጣ፤ አፈሩን እንቆፍር፣ ዝርያዎችን እንቁጠር፣ ሳይተከል የበቀለ ችግኝ እንፈልግ። መሬቱ አገግሟል ሲባል አምራቹ ያስያዘው ዋስትና ይለቀቅለታል፤ ልኬታችን ከተሳሳተ ዕዳው በነዋሪው ላይ ይወድቃል።