የጦሩ ማይክሮስኮፕ ለሲቪሉ ሐኪም በሕግ ይከፈት!

(ለጤና ባለሙያዎች ስብሰባ ካደረግሁት ንግግር)



ፓቶሎጂስትን በሽተኛ አያውቀውም። እብጠቱን ቀዶ ሐኪሙ ያወጣል፣ ምስጋናውንም እሱ ይቀበላል። ካንሰር ነው፣ አይደለም ብሎ የሚፈርደው ግን ጓዳ ተቀምጦ ማይክሮስኮፕ የሚያየው ሰው ነው። ይህ ሰው ደግሞ በአገራችን ጥቂት ነው። ከክፍለ ሀገር ናሙናውን በላስቲክ ዕቃ ይዞ፣ አውቶቡስ ተሳፍሮ አዲስ አበባ የሚገባ አስታማሚ ያላየ እዚህ አዳራሽ ውስጥ አለ? ያለ አይመስለኝም!

ታዲያ ባለሙያው እንዲህ በጠፋበት አገር ጦሩና ሲቪሉ ለየብቻ ሊያሠለጥኑ አይገባም። ምሳሌዬን ከአሜሪካ አመጣለሁ። እነሱ በሩን እንዴት እንደከፈቱት ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደዘጉትም ማወቅ ይጠቅመናል።

እ.ኤ.አ. በ1862፣ በእርስ በርስ ጦርነታቸው መሐል፣ የጦሩ ዋና ሐኪም ዊልያም ሐሞንድ ከየጦር ሜዳው የተጎዳ አካል፣ አጥንትና ጥይት እየተሰበሰበ ዋሽንግተን እንዲላክ አዘዘ። ያ የጦር ሙዚየም እያደገ ሄዶ የጦር ኃይሎች የፓቶሎጂ ኢንስቲትዩት ሆነ። በሰም ውስጥ የታሸገ ናሙና በሚሊዮን አከማቸ። እኛ የኅዳር በሽታ ብለን የምናውቀው የ1918ቱ ኢንፍሉዌንዛ ደቡብ ካሮላይና ውስጥ የገደለው አንድ ወታደር ነበር። ከሳንባው የተወሰደችው ቁራጭ እዚያው ተቀምጣ ቆይታ፣ በ1997 ተመራማሪዎች የቫይረሱን ዘረመል አነበቡባት። ከ79 ዓመት በኋላ!

ይህ ሁሉ ሀብት የጦሩ ነው። ሲቪሉ ግን ይገባ ነበር። ዩኒፎርም ያልለበሱ ሐኪሞች በፌሎሺፕ ይማሩበት ነበር። የራዲዮሎጂ ሬዚደንቶችም ከየግዛቱ እየመጡ ለሳምንታት ኮርስ ይወስዱ ነበር፤ ሲመጡም እያንዳንዱ ከሆስፒታሉ አንድ የበሽተኛ ታሪክ ከነራጁና ከነናሙናው ይዞ መምጣት ነበረበት። ልብ በሉልኝ፣ ሲቪሉ ተመጽዋች አልነበረም። የጦሩን መዝገብ ያወፈረው እሱም ነው።

በሩንም አንድ ደግ ጄኔራል አልከፈተውም። በ1976 ኮንግረስ በሕግ የአሜሪካ የፓቶሎጂ መዝገብ የሚባል ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት አቋቋመ፤ ሥራውም ወታደራዊውንና ሲቪሉን ፓቶሎጂ ማገናኘት ሆነ።

ከዚያስ? በ2005 የጦር ሰፈሮችን ለመቀነስ በወጣው ዕቅድ ኢንስቲትዩቱ እንዲፈርስ ተወሰነ። በ2011 ተዘጋ። የተተካው ማዕከል የሚያገለግለው መከላከያውን፣ የቀድሞ ወታደሮችንና ሌሎች የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን ነው። ናሙና እየላከ ምክር ይጠይቅ የነበረው ሲቪል ሐኪም ውጪ ቀረ። በኢንስቲትዩቱ ስር የነበረው የፌሎሺፕ ወንበርም አብሮ ታጠፈ። የራዲዮሎጂውን ኮርስ ግን የሙያ ማኅበራቸው ተረክቦ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ቀጠለበት (ያቺ ሐበሻ የሞላባት ሲልቨር ስፕሪንግ!)። ባለቤት የነበረው ተረፈ ማለት ነው።

እኛ ዘንድ ደግሞ ነገር ሁሉ የሚያልቀው በስልክ ነው። አለቃ ያዛል፣ አንድ ልጅ ይገባል፤ አለቃው ሲሻር ልጁም ይባረራል። ስለዚህ የምጠይቀው ውለታ አይደለም። የመከላከያ ሆስፒታሎች ለሲቪል የፓቶሎጂ ሠልጣኝ ስንት ወንበር እንደሚሰጡ፣ በምን ፈተና እንደሚመርጡ፣ ደመወዙን ማን እንደሚከፍል በደንብ ይጻፍ፤ ነጋሪት ጋዜጣ ላይም ይውጣ። «የጸጥታ ጉዳይ ነው» የሚሉን እንደሚኖሩ አውቃለሁ። የጡት ዕጢ ምን ወታደራዊ ምስጢር አለው?

ግዴታም ይኑርበት፤ የሠለጠነው ሲቪል ከክፍለ ሀገር ሆስፒታሎች በአንዱ የተወሰነ ዓመት ያገልግል። የሙያ ማኅበራችንም ቁጭ ብሎ አይጠብቅ፤ የአሜሪካኖቹ ማኅበር እንዳደረገው የሥልጠናውን ሥርዓተ ትምህርት ከወዲሁ በእጁ ያስገባ። ይህ ስብሰባ ዛሬ ማታ የአቋም መግለጫ የሚያወጣ ከሆነ እነዚህ ነጥቦች ይግቡበት፤ ረቂቁን ጽፌ ይዤ መጥቻለሁ።