ጅራት አልባ አውሮፕላን አፍንጫውን ስለሚያነሣበት ዘዴ



በመርካቶ ባለሁለት ጎማ የእጅ ጋሪ የሚጭን ሠራተኛ የክብደትን ማዕከል ያለ ቀመር ያውቀዋል። ጭነቱ ከጎማዎቹ ማዶ ካመዘነ እጀታው ሽቅብ ይወረወራል፤ ወደ እጀታው አብዝቶ ከቀረበ ደግሞ ለማንሣት ይከብዳል። እጀታው በግማሽ ቢቆረጥስ? ያንኑ ጭነት ለማንሣት እጥፍ ጉልበት ይጠይቃል።

ጅራት አልባ አውሮፕላን እጀታው እንደ ተቆረጠ ጋሪ ነው። አፍንጫውን የሚያነሡት በክንፉ የኋላ ጠርዝ ያሉት ኤሌቮኖች ሲሆኑ፣ ለዋናው ጎማ ቅርብ ስለሆኑ በብርቱ ኃይል ወደ ታች መጫን አለባቸው። ይህም ኃይል ከክንፉ የማንሣት ኃይል ላይ ይቀነሳል፤ ያውም እጅግ በሚፈለግበት ሰዓት! ስለዚህ ነዳፊው ዋናውን ጎማ ከክብደቱ ማዕከል ጥቂት ብቻ ወደ ኋላ ያኖረዋል። አብዝቶ ካራቀው አፍንጫው ሳይነሣ መንደርደሪያው ያልቃል፤ አብዝቶ ካቀረበው አውሮፕላኑ በቆመበት ወደ ኋላው ይደፋል። እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 2003 የበረረው ኮንኮርድ አፍንጫውን ሲያነሣ ኋላው መሬት እንዳይመታ ከአካሉ መጨረሻ ሥር ትናንሽ ጎማዎች ተበጅተውለት ነበር።

ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሚገኝ አየሩ ስስ ነው። ኤሌቮኖቹ ያንኑ ኃይል እንዲያገኙ አውሮፕላኑ በባሕር ጠለል ከሚሮጠው ከ10 በመቶ በላይ ፈጥኖ መሮጥ አለበት። ለዚህ ከተማ የሚነድፍ መሐንዲስ እንግዲህ ከጎማው ቦታ ጋር ጎማው የሚችለውን የፍጥነት ወሰንም አስቀድሞ ይመረምራል።