በሰው እጅ ስለሚኖሩ ጦጣዎችና ዝንጀሮዎች አበላል የተነገረ ንግግር



ጦጣን በገመድ አስሮ በደጁ የሚያሳድር ሰው በየአገሩ አይታጣም። ሕፃናትም ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ዳቦውን፣ ሸንኰራውን፣ ሙዙን ይወረውሩላታል። እርስዋም ሁሉን ተቀብላ በጕንጭዋ ስትሞላ ያየ ሰው፣ «ጦጣ የማትበላው የላትም፤ የወደደችውን መስጠትም ደግነት ነው» ይላል። ዳሩ ግን እንስሳ የሚወደው ሌላ፣ ለሰውነቱ የሚስማማው ሌላ ይሆናልና፤ ሁለቱን ለይቶ ያላወቀ ጠባቂ በፍቅር እያበላ ይገድለዋል።

አስቀድሞ የእነዚህ አራዊት ሆድ አንድ ዓይነት እንዳይደለ ማወቅ ይገባል። በዱር ሳለ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በሌላ አገር የማይገኘው ጭላዳ፣ በስሜን ተራራ እንደሚታየው፣ አብዛኛው መብሉ ሣር ነው። ሣሩን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ እየነጨ፣ ሳይነሣ በመቀመጫው እየተንፏቀቀ ይበላል፤ «መጀመሪያ የመቀመጫዬን አለች ዝንጀሮ» የሚባለው ተረት ለእርሱ የተነገረ ይመስላል። ጉሬዛ ደግሞ ቅጠል በል ነው፤ ሆዱ ክፍል ክፍል ስለ ሆነ ቅጠሉ በዚያ እየቦካ ይልማል። ስለዚህ ለጉሬዛ ጣፋጭ ፍሬ አብዝቶ መስጠት፣ ላምን በእህል ክምር ላይ እንደ መልቀቅ ያለ ነገር ነው፤ እህል ያለ ልክ የበላች ላም ምን እንደምትሆን ለገበሬ አይነገረውም። ጦጣ ግን ፍሬውንም፣ ቅጠሉንም፣ አበባውንም፣ አንበጣውንም ትበላለች። ሦስቱም እንደ ሰው ሁሉ ቪታሚን ሲ የተባለውን ነገር ከገዛ ሰውነታቸው ማውጣት አይችሉምና፣ ከለምለም ምግብ ካላገኙት ድዳቸው ይደማል፤ ይመነምናሉም።

ስለ ምርጫቸው ሊቃውንት ብዙ መርምረዋል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1928 ዓ.ም. ቲንክልፖ የተባለ የአሜሪካ ሊቅ፣ ማካክ የሚባለው የእስያ ዝንጀሮ እያየ፣ ሙዝ ከጽዋ በታች ሸሸገ፤ ኋላም ዝንጀሮው ሳያይ ሙዙን አንሥቶ በስፍራው ሰላጣ አኖረ። ዝንጀሮው ጽዋውን ገልጦ ሰላጣ ባገኘ ጊዜ ዙሪያውን ፈለገ፤ ጮኸም፤ ሰላጣውንም ትቶ ሄደ። ያው ሰላጣ ግን ሌላ ነገር ባልጠበቀ ጊዜ ይበላው የነበረ ነው። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ሣራ ብሮስናንና ፍራንስ ደ ቫል በአሜሪካ፣ ካፑቺን የተባሉትን የደቡብ አሜሪካ ጦጣዎች ጠጠር እያስመለሱ በለውጡ ኪያር ይሰጧቸው ነበር። ጎረቤቲቱ ስለዚያው ጠጠር ወይን ስትቀበል ያየችው ጦጣ፣ ብዙ ጊዜ ኪያሩን እንቢ አለች፤ አንዳንዴም ወረወረችው። ይህ ቅናት ነው ወይስ የተሻለውን መብል ማየት ብቻ ነው ብለው ሌሎች ሊቃውንት ተከራክረዋል። ለጠባቂ ግን ከክርክሩ ይልቅ የሚጠቅመው፣ አንድ ምግብ የሚወደደውም የሚናቀውም በአጠገቡ ባለው ምክንያት መሆኑን ማወቅ ነው። ጐመንና ሙዝ ባንድ ገበታ ቢቀርቡ ጐመኑ ይቀራል፤ ጐመኑ ብቻውን አስቀድሞ ቢቀርብ ግን ይበላ ይሆናል።

እንግዲህ ጠባቂ የሰጠውን ብቻ ቈጥሮ «መግቤአለሁ» ቢል ራሱን ያታልላል። የቀረውን ይመዝን፤ ማን እንደ በላውም ይመልከት። ብዙ ሆነው በሚኖሩበት ስፍራ ምግብ ባንድ ሳሕን የቀረበ እንደ ሆነ፣ ጕልበተኛው ጣፋጩን መርጦ ይበላል፤ ደካማው ጕንጩን በፍጥነት ሞልቶ ይሸሻል፤ አለዚያም ፆሙን ያድራል። ሳሕኑ ሞልቶ ሳለ የሚከሳ እንስሳ በዚህ ምክንያት ይገኛል። ምግቡ በብዙ ስፍራ ተበትኖ ቢቀርብ ይህ ይቀንሳል። ለአስተማሪም ይህ መልካም የሒሳብ ትምህርት ይሆናል፤ ልጆች ጧት የቀረበውንና ማታ የተረፈውን በሚዛን እያዩ በሰሌዳ ላይ ይጻፉት።

የሙዝ ነገር የብዙ ሰው ስሕተት ነው። በእንግሊዝ አገር በዴቨን አውራጃ ያለው የፔይንተን የአራዊት ግቢ በ2014 ዓ.ም. ለጦጣዎቹ ሙዝ መስጠት እንዳቆመ በተነገረ ጊዜ ብዙ ሰው ተደነቀ። ምክንያቱ ግን ግልጥ ነበር፤ ሰው ለራሱ መርጦ ያበቀለው ፍሬ ከዱር ፍሬ ይልቅ ስኳሩ የበዛ፣ አሰሩም ያነሰ ነውና፣ ጥርስን ያበሰብሳል፤ ለስኳር በሽታም ያጋልጣል። በምትኩም ቅጠላ ቅጠልና አትክልት በዛላቸው። ጦጣ ከዱር ፍሬ ይልቅ የገበሬውን በቆሎ የምትመኘው በዚሁ ጠባይዋ ነው፤ ማሳ የሚጠብቅ ልጅ ይህን ያለ መጽሐፍ ያውቀዋል።

አንድ ነገር ገና ቀርቷል። የዱር ዝንጀሮ ከቀኑ ብዙውን ሰዓት መብሉን ሲፈልግና ሲለቅም ይውላል። የታሰረው ግን የቀረበለትን ወዲያው ጨርሶ ሥራ ፈት ይቀመጣል፤ ከመሰልቸቱም የተነሣ ጠጕሩን የሚነጭ አለ። ስለዚህ ዐዋቂዎች ጠባቂዎች እህሉን በሳሕን አያቀርቡትም፤ በጭድ ውስጥ ይበትኑታል፤ ወይም ከግንድ ቀዳዳ ይሸሽጉታል። እንስሳውም ጭዱን እየገለጠ ፍሬውን አንድ በአንድ ይለቅማል።