«የሬዊ የመጨረሻ ተጋድሎ»፦ በጥቂት ገንዘብ የተሠራ ፊልምና ከእርሱ የተረፈው ምስክርነት



መሐንዲስን በሥራው ሁሉ የሚከተሉት ሁለት ጥያቄዎች አሉ። አንደኛው «በእጅ ባለው ገንዘብ ምን ያህል ሊሠራ ይችላል?» የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ «የተሠራው እስከ መቼ ይቆያል?» የሚለው ነው። የመጀመሪያው በየስብሰባው ይነሣል፤ ሁለተኛው ግን ብዙ ጊዜ የሚነሣው ግንቡ ከተሰነጠቀ፣ ሰነዱም ከጠፋ በኋላ ነው። ይህ ንግግር ሁለቱን ጥያቄዎች ከምሕንድስና ውጭ በሆነ ሥራ ላይ ያነሣል። ሥራው በ1940 እ.ኤ.አ. በኒው ዚላንድ ለሕዝብ የቀረበው «የሬዊ የመጨረሻ ተጋድሎ» የተባለው የታሪክ ፊልም ነው። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፊልሙን ለመረዳት አስቀድሞ ታሪኩን ማወቅ ያስፈልጋል። በ1840 የእንግሊዝ መንግሥትና የማኦሪ ሕዝብ አለቆች የዋይታንጊን ውል ከተፈራረሙ በኋላ፣ ከእንግሊዝ የሚመጣው ሰፋሪ ቁጥር ከዓመት ወደ ዓመት እየጨመረ ሄደ። ሰፋሪው መሬት ይፈልግ ነበር። ማኦሪዎችም መሬታቸው በየጊዜው ተቈርሶ እንደሚሄድ በተመለከቱ ጊዜ በ1858 አንድ ንጉሥ መርጠው ለመተባበር ተነሡ። የቅኝ ግዛቱ አስተዳደር ይህን እንደ አመፅ ቈጠረው። በሐምሌ 1863 በጄኔራል ደንካን ካሜሮን የሚመራ ጦር ለም ወደሆነው ወደ ዋይካቶ አገር ገባ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የወጣው ሕግ «አመፀኛ» የተባለውን ሰው መሬት ወርሶ ለሰፋሪ መስጠትን ፈቀደ። በመሆኑም ጦርነቱ ሲፈጸም በዋይካቶ ብቻ 1.2 ሚሊዮን ኤከር የሚያህል መሬት ተወረሰ።

ዘመኑን ለማስታወስ ያህል፣ ይህ የሆነው ዐፄ ቴዎድሮስ በኢትዮጵያ በነገሡበት ጊዜ ነው። በ1864 መጀመሪያ በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ የታሰረው የእንግሊዝ ቆንሲልም ካሜሮን ይባል ነበር፤ ስማቸው ይመሳሰል እንጂ ሰዎቹ የተለያዩ ናቸው። ከአራት ዓመት በኋላ መቅደላ ድረስ የዘለቀውና በዋይካቶ የተዋጋው ጦር የአንድ መንግሥት ጦር ነበር። ልዩነቱ በመቅደላ የመጣው ጦር ተመልሶ መሄዱ ነው፤ በዋይካቶ ግን ከጦሩ በስተኋላ ሰፋሪው ነበረ።

የዋይካቶው ጦርነት የመጨረሻ ትልቅ ውጊያ ኦራካው በተባለው ስፍራ ከመጋቢት 31 እስከ ሚያዝያ 2 ቀን 1864 ተካሄደ። ሬዊ ማኒያፖቶ የተባለው አለቃና ከልዩ ልዩ ነገዶች የተሰበሰቡ 300 ያህል ሰዎች፣ ከእነርሱም ውስጥ ሴቶችና ሕፃናት ይገኙ ነበር፣ በኮክ ዛፎች መካከል በችኮላ ምሽግ ሠሩ። ለመሐንዲስ ይህ ምሽግ ሊጠና የሚገባው ነው። ግድግዳው ከአፈርና ከሣር ጓል ተደርቦ፣ በየመካከሉ ፈርን የሚባለው ቅጠል በብዛት የተነጠፈበት ነበር። በዚህም የተነሣ የመድፉ ጥይት ግድግዳውን ከማፍረስ ይልቅ በውስጡ ተቀብሮ ይቀር ጀመር። ነገር ግን ምሽጉ አንድ ከባድ ጉድለት ነበረበት፤ በውስጡ ውኃ አልነበረም።

ከ1,000 በላይ የሆነው የእንግሊዝ ጦር በተደጋጋሚ ወደ ምሽጉ ቢሮጥም ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ወደ ግድግዳው የሚያደርስ የመከለያ ቦይ መቈፈር ተጀመረ። ውኃው አለቀ፤ ጥይቱም እያለቀ ሲሄድ ተከላካዮቹ የእንጨት ቍራጭና በኮክ ፍሬ ውስጥ የሚገኘውን ጠንካራ ዘር በጠመንጃቸው መተኰስ ጀመሩ። በሦስተኛው ቀን «እጃችሁን ስጡ» የሚል መልእክት ተላከባቸው፤ መልሳቸው ለዘለዓለም እንደሚዋጉ የሚገልጽ ነበር። «ሴቶችና ሕፃናት ይውጡ» ሲባልም አሁማይ ቴ ፓኤራታ የተባለች ሴት፣ ወንዶቹ የሚሞቱ ከሆነ ሴቶችና ልጆችም አብረው እንደሚሞቱ መለሰች ተብሎ ይነገራል። ከቀትር በኋላ ሁሉም በአንድነት ከምሽጉ ወጥተው የጦሩን መሥመር ጥሰው ሄዱ። 150 ያህሉ አለቁ፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ የተገደሉት በሽሽት ላይ ነው። ከእንግሊዝ ወገን የሞቱት 17 ነበሩ። ሬዊ ግን አምልጦ እስከ 1894 ኖረ።

ይህን ታሪክ በፊልም ለማቅረብ የደፈረው ሩዳል ሄይዋርድ በ1900 በእንግሊዝ አገር ተወልዶ በልጅነቱ ወደ ኒው ዚላንድ የመጣ ሰው ነው። ሄይዋርድ በዚሁ ርእስ ድምፅ የሌለው ፊልም በ1925 ሠርቶ ነበር። ነገሩ አላረካውም መሰለኝ በሚያሰኝ ሁኔታ፣ ከዓመታት በኋላ ያንኑ ታሪክ በድምፅ እንደገና ሠራው። በዚያን ጊዜ በአገሩ የሆሊዉድን የሚመስል ስቱዲዮም ሆነ የፊልም ሥራን የሚደግፍ የመንግሥት ገንዘብ አልነበረም። የድምፅ መቅረጫው እዚያው በአገር ውስጥ የተቀነባበረ ነበር። ከሙያ ተዋንያን ይልቅ የአካባቢው ነዋሪ ተሰለፈ፤ ውጊያው ከተደረገበት ስፍራ አጠገብ የምትገኘው የቴ አዋሙቱ ከተማ ሕዝብም ለሥራው እጁን ዘረጋ።

የፊልሙ ታሪክ በዘመኑ ከነበሩት የጀብዱ ፊልሞች ብዙ አይለይም። ሮበርት ቦሞንት የተባለ ነጭ ነጋዴ በማኦሪዎች እጅ ይወድቃል። አሪያና የተባለች፣ ከሁለቱም ወገን የተወለደች ልጅ ይወዳል። ጦርነቱ ሲነሣ እርሱ ከሰፋሪው ወገን ይሰለፋል፤ እርስዋ ደግሞ በምሽጉ ውስጥ ትገኛለች። እንግዲህ ተመልካቹ የሚከተለው የማንን ዓይን ነው? የሰፋሪውን ነው። ማኦሪዎቹ ጀግኖች ሆነው ይታያሉ፤ ይሁን እንጂ ጀግንነታቸው የሚደነቀው መሬቱ ከእጃቸው ከወጣ በኋላ ነው። የተሸነፈን ሰው ማድነቅ ለአሸናፊ ብዙ አያስከፍለውም። ፊልሙ ስለ ፍቅርና ስለ ጀብዱ የሚሰጠው ቦታ ስለ 1.2 ሚሊዮኑ ኤከር ከሚሰጠው እጅግ ይበልጣል። ይህ ጉድለት በገንዘብ ማነስ የመጣ አይደለምና በገንዘብ ማነስ ይቅር ሊባል አይችልም።

ነገር ግን ፊልሙን በዚህ ብቻ ዘግቶ ማለፍ ትክክለኛ ፍርድ አይሆንም። ገንዘብ ያለው ኩባንያ ቢሆን ኖሮ ኦራካውን በሌላ አገር በጣውላና በጨርቅ ይሠራው ነበር፤ የማኦሪውንም አለቃ ፊቱን ቀለም የተቀባ ነጭ ተዋናይ ይጫወተው ነበር። ይህ በዚያ ዘመን የታወቀ ልማድ ነው። ሄይዋርድ ግን ይህን ለማድረግ አቅም አልነበረውም። ስለዚህ ወደ ራሱ መሬት ሄደ፤ ሰዎችንም ከዚያው ከመሬቱ ወሰደ። ከተሰለፉት ማኦሪዎች መካከል በኦራካው የተዋጉት ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ይገኙ ነበር። የአባቶቻቸውን መልስ በአባቶቻቸው አገር ቆመው ሲናገሩ፣ የፊልሙ ድርሰት ያላሰበውን ነገር ፊልሙ ቀረጸው። ድርሰቱ «የመጨረሻ ተጋድሎ» ይላል፤ በሥዕሉ ላይ የሚታዩት ሰዎች ግን ነገዱ አለመጨረሱን በመኖራቸው ያረጋግጣሉ።

የአሪያናን ቦታ የያዘችው ራማይ ቴ ሚሃም ከዚያ ፊልም በኋላ በተዋናይነት ብቻ አልቀረችም። በ1943 ሄይዋርድን አግብታ፣ ካሜራ ይዛ ከእርሱ ጋር ፊልም ስትሠራ ኖራለች፤ ከማኦሪ ሴቶች መካከል በካሜራ ሙያ የመጀመሪያዋ ተብላ ትታወቃለች። ሁለቱ በአንድነት በ1972 በማኦሪና በነጭ መካከል ስላለው ጋብቻና መድልዎ የሚናገር ፊልም አቅርበዋል። በሰፋሪ ዓይን በተጻፈ ድርሰት ውስጥ የገባችው ልጅ ካሜራውን በራስዋ እጅ እስከ መያዝ ደረሰች ማለት ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ፣ ወደ ዕድሜው ጥያቄ እንመለስ። ፊልሙ በ1940 ሲቀርብ ከመቶ ደቂቃ በላይ የሚፈጅ ነበር። በ1949 በእንግሊዝ አገር እንዲታይ ተቈርጦ ወደ አንድ ሰዓት ያህል ዝቅ አለ። ከዚያ በኋላ ሙሉው ቅጂ ጠፋ፤ ዛሬ ያለው የተቈረጠው ነው። የ1925ቱም ድምፅ አልባ ፊልም ከቍርጥራጭ በስተቀር አልተገኘም። እንግዲህ ዛሬ ፊልሙን አይቶ «ይህ ጐድሎታል» የሚል ተመልካች፣ ጉድለቱ የሠሪው ይሁን የቈራጩ በሚገባ ለመለየት ይቸገራል።

የጥፋቱ ምክንያት በከፊል የቁሳቁስ ጉዳይ ነው። በዚያ ዘመን የሲኒማ ፊልም የሚሠራው ሴሉሎስ ናይትሬት ከሚባለው ነገር ነበር። ይህ ነገር በቀላሉ የሚቀጣጠል ከመሆኑም በላይ፣ በሙቀትና በእርጥበት ቦታ ከተቀመጠ በራሱ ጊዜ ይበሰብሳል። ስለሆነም ቀዝቃዛና ደረቅ መጋዘን፣ የሚከታተለውም ባለሙያ ያስፈልገዋል። ለሥራው ገንዘብ ያጣ ሰው ለማከማቻው ከየት ያመጣል? በኒው ዚላንድ የፊልም መዝገብ ቤት የተቋቋመው በ1981፣ ሄይዋርድ በ1974 ከሞተ በኋላ ነው።

የዚህን ተቃራኒ ለማየት «ኡቱ» የተባለውን ፊልም መመልከት ይበቃል። ጄፍ መርፊ በ1983 የሠራው ይህ ፊልምም ስለ ሰፋሪዎችና ስለ ማኦሪዎች ጦርነት የሚናገር ሲሆን፣ እርሱም ለውጭ አገር ገበያ ተቈርጦ ነበር። ነገር ግን ከሥራው የተረፈው ፊልም ስለተጠበቀ፣ በ2013 ታድሶና እንደገና ተቀናብሮ ለተመልካች ቀረበ። ሁለቱም ፊልሞች ተቈርጠዋል፤ አንደኛው የዳነው የተጠበቀ ቅጂ ስለ ነበረው ብቻ ነው።

ይህ ነገር ለመሐንዲስ እንግዳ አይደለም። ድልድይ ሲመረቅ ንግግር ይደረጋል፤ ድልድዩ በእርግጥ እንዴት እንደ ተሠራ የሚያሳየው የመጨረሻ ንድፍ ግን ብዙ ጊዜ በአንድ መሳቢያ ውስጥ ተረስቶ ይቀራል። ከ30 ዓመት በኋላ ጥገና ሲያስፈልግ፣ መሠረቱ ምን ያህል ጥልቀት እንዳለው የሚያውቅ ሰው ይጠፋል። ያን ጊዜ ወይ እንደገና ይቈፈራል፣ ወይም በግምት ይሠራል። ስለዚህ ሰነድን መጠበቅ ሥራው ካለቀ በኋላ የሚታሰብ ትርፍ ነገር ሳይሆን የሥራው አንድ ክፍል ነውና፣ ዋጋው ከመጀመሪያው በበጀቱ ውስጥ መግባት ይገባዋል።

ከድህነት ጋር ስለ ሥራ የሚነገረውም ነገር በጥንቃቄ ሊያዝ ይገባዋል። ገንዘብ ማነሱ በራሱ እውነትን አይወልድም፤ የሄይዋርድ ድርሰት ለዚህ ምስክር ነው። ይሁን እንጂ ገንዘብ ያነሰው ሰው በአቅራቢያው ወዳለው ሕዝብና መሬት ከሄደ፣ የገዛ አሳቡ የማይደርስበትን ነገር ከሕዝቡና ከመሬቱ ሊቀበል ይችላል። የኦራካው ተከላካዮችም ግድግዳቸውን የሠሩት በአጠገባቸው ከበቀለው ቅጠል ነበር፤ መድፉንም የመለሰላቸው ያ ቅጠል ነው።

የዋይካቶ ማኦሪዎች በ1995 ከመንግሥት ጋር ባደረጉት ስምምነት ለተወረሰው መሬት ይቅርታና ካሣ አግኝተዋል። በ2024 ደግሞ የኦራካው ውጊያ በማኦሪ ፊልም ሠሪዎች እጅ፣ በማኦሪ ቋንቋ፣ በምሽጉ ውስጥ በነበሩ ልጆች ዓይን እንደገና በፊልም ቀረበ። ታሪኩን የሚናገረው ሰው ተለውጧል። ቢሆንም በ1940 በካሜራው ፊት የቆሙት የተዋጊዎቹ ልጆችና የልጅ ልጆች ዛሬ በሕይወት የሉም፤ ፊታቸውና ድምፃቸው የሚገኘው በዚያው በተቈረጠው አንድ ሰዓት ውስጥ ብቻ ነው። የቀረውን ክፍል ማንም ገንዘብ ከፍሎ ሊያስመልሰው አይችልም።